ማን ይቀመጥበታል? ትንሽ መናፈሻ በጠረጴዛ ላይ እንዴት ይሠራል

እናቴ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብላ ሥራዬን አንድ በአንድ ተመለከተችው። 60 በ40 ሳንቲሜትር በሆነ ጣውላ ላይ ያረፈ ትንሽ መናፈሻ ነው። ከኋላው የባቡር ጣቢያ ግንብ አለ። ፊት ለፊት ሣር፣ የአሸዋ መንገድ፣ አናታቸው እንደ ጃንጥላ የተዘረጋ የድሬዳዋ ዛፎች፣ አንዲት ክብ የውሃ ገንዳ፣ የመብራት ምሰሶዎችና አግዳሚ ወንበሮች ይታያሉ። ሦስት ወር ሙሉ ማታ ማታ የለፋሁበት ነው። እናቴ ያደገችው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ስለሆነ ከማንም በፊት የእሷን ፍርድ ነበር የምጠብቀው። ዛፎቹን አደነቀች፤ ውሃውን በጣቷ ጫፍ ነካ አደረገችው። ከዚያ ዓይኗ አንዱ አግዳሚ ላይ ቆመ።

«አቦ ልጄ፣ ይሄ እኮ ፀሐይ ላይ ነው። ማን ይቀመጥበታል?» አለችኝ።

አግዳሚው በልኩ የተሠራ ነበር፤ ቀለሙም አልተሳሳተም። የተተከለበት ቦታ ግን ሰው የማያርፍበት ነበር። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ናት፤ ቀትር ላይ ጥላ የሌለው ወንበር እንደ ምጣድ ይግላል። እኔ አግዳሚውን ያስቀመጥኩት ለዓይን ስለሚያምር ነበር። መናፈሻ የሚለው ቃል ግን ራሱ ነገሩን ይዟል፦ ሰው የሚናፈስበት፣ ነፋስ የሚቀበልበት ቦታ ማለት ነው። ዛፍና ሣር የተደረደረበት ሁሉ መናፈሻ አይሆንም፤ የሚናፈስበት ሰው ያስፈልገዋል።

ከዚያን ቀን ወዲህ ማንኛውንም ነገር ከማጣበቄ በፊት የእናቴን ጥያቄ እጠይቃለሁ። ከዚህ በታች ትንሽ መናፈሻ ከምን ከምን እንደሚሠራ፣ እያንዳንዱም ለምን እንደሚሠራ እገልጻለሁ። ዕቃው አብዛኛው ከኩሽና፣ ከአናጢ ቤትና ከደጃፍ ይገኛል።

ሁሉም ነገር ለ87 ይካፈላል

የባቡር ሞዴል ሠሪዎች በብዛት የሚጠቀሙበት ልኬት 1 ለ87 ነው፤ «ኤች ኦ» ይባላል። ከእሱ በፊት «ዜሮ» የሚባል ተለቅ ያለ ልኬት ስለነበረ፣ ኤች ኦ «የዜሮ ግማሽ» ማለት ነው። በ2001 እ.ኤ.አ. በጀርመን ሀምቡርግ የተከፈተው ታዋቂው ሚኒያቱር ቩንደርላንድም የተሠራው በዚሁ ልኬት ነው።

ሥራው ቀላል ሒሳብ ነው። የእውነተኛውን ነገር ርዝመት ለ87 ያካፍሉ። አንድ ሜትር 11 ሚሊሜትር ተኩል ይሆናል። 1.75 ሜትር ቁመት ያለው ሰው 2 ሳንቲሜትር፣ 4 ሜትር የመብራት ምሰሶ 4.6 ሳንቲሜትር፣ 10 ሜትር ዛፍ 11 ሳንቲሜትር ተኩል ይወጣዋል። ከመሬት 45 ሳንቲሜትር ከፍ የሚለው የአግዳሚ መቀመጫ 5 ሚሊሜትር ብቻ ይሆናል። የጅቡቲ አዲስ አበባ አሮጌው ሐዲድ በሁለቱ ብረቶች መካከል አንድ ሜትር ስፋት ነበረው፤ በዚህ ልኬት ለእንዲህ ዓይነቱ የሜትር ሐዲድ የሚሸጠው 12 ሚሊሜትር ነው። የእኔ ጣውላም ሲባዛ 52 ሜትር በ35 ሜትር የሚሆን መሬት ነው፤ ለሰፈር መናፈሻ በቂ ነው።

ዓይን ሰውን የሚያታልለው በትናንሽ ዕቃዎች ነው። የክብሪት እንጨት ቀጭን ይመስላል፤ ውፍረቱ 2 ሚሊሜትር ስለሆነ ግን በ87 ሲባዛ 17 ሳንቲሜትር ይሆናል። አግዳሚ ከክብሪት እንጨት ቢሠራ ግንድ የተጋደመ ይመስላል። የአግዳሚ ጣውላ 10 ሳንቲሜትር ስፋት ካለው፣ ለእኛ የሚያስፈልገን ከ1 ሚሊሜትር ጥቂት የሚበልጥ ነው። ለዚህ ከጫማ ካርቶን በምላጭ የተቆረጠ ቀጭን ሰረዝ ይሻላል። ስቴኪኒም ለመብራት ምሰሶ ይወፍራል፤ 1 ሚሊሜትር ሽቦ ይስማማዋል። ዕቃ ሲያነሱ መጀመሪያ በማስመሪያ ይለኩት፣ ከዚያ በ87 ያባዙት። በአእምሮዎ የሚታይዎት ነገር ከእውነተኛው ጋር ካልገጠመ ዕቃውን ይተዉት።

ከ43 ሜትር ተኩል ሲታይ

ብዙ ጀማሪ የሚደክመው ዛፍን ቅጠል በቅጠል ለመሥራት ነው። ልኬቱ ግን ዕቃውን ብቻ ሳይሆን ርቀቱንም ይለውጠዋል። ከሞዴሉ 50 ሳንቲሜትር ርቀን ስናይ፣ ከእውነተኛ መናፈሻ 43 ሜትር ተኩል ርቆ የቆመ ሰው የሚያየውን ነው የምናየው።

እስቲ አንድ ቀን ከአንድ ትልቅ ዛፍ 60 እርምጃ ያህል ርቀው ቆመው ይመልከቱት። ነጠላ ቅጠል አይለይም። የሚታየው ፀሐይ ያረፈበት ብሩህ ክፍል፣ ከሥሩ ጠቆር ያለ ሆዱ፣ በመካከሉም ሰማይ የሚያሾልክ ቀዳዳ ነው። ስለዚህ ትንሿን ዛፍ እውነተኛ የሚያስመስላት ከቅጠሉ ብዛት ይልቅ በቅርንጫፎቹ መካከል የተተወው ባዶ ቦታ ነው።

ቀለምም በዚያው ሕግ ይሄዳል። በእኛና በምናየው ነገር መካከል ያለው አየር ብርሃንን ስለሚበትን ጥቁሩ ወደ ግራጫ ይጠጋል፤ ደማቁም ይደበዝዛል። የሩቅ ተራራ ሰማያዊ የሚመስለው በዚህ የተነሣ ነው። በዚያ ላይ በክፍል ውስጥ ያለ አምፖል ከፀሐይ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ደካማ ስለሆነ፣ ከቆርቆሮው እንደወጣ የተቀባ ቀለም ጨለም ብሎ ይታያል። መፍትሔው አንድ ነው፦ ለእያንዳንዱ ቀለም ጥቂት ነጭ ወይም አመድማ ቀለም መጨመር።

መሬቱ

ቲቪ ወይም ማቀዝቀዣ ሲገዛ ካርቶኑ ውስጥ የሚመጣው ነጭ ፎም ጥሩ መሠረት ይሆናል። 2 ሳንቲሜትር ውፍረት ይበቃል፤ ዛፍ ለመትከል ይበሳል፣ ገንዳ ለመሥራት ይፈለፈላል። በፎም ላይ ማስቲሽ ወይም የሚረጭ የብረት ቀለም አይጠቀሙ። በውስጣቸው ያለው ማሟሟያ ፎሙን ጨው በውሃ እንደሚሟሟ ያሟሟዋል። የአናጢ ነጭ ኮላ ግን መሠረቱ ውሃ ስለሆነ አይጎዳውም።

በፎሙ ላይ ስስ ጀሶ ይቀቡ። ጀሶ ድንጋዩ ሲጋገር በውስጡ ካለው ውሃ አብዛኛውን የተነጠቀ ዱቄት ነው። ውሃውን መልሰን ስንሰጠው መርፌ የሚመስሉ ጥቃቅን ቅንጣቶች ያበቅልና እርስ በርስ ተቆላልፎ ይጠነክራል፤ በዚያች ቅጽበት እጅ ሲነካው ሞቅ የሚለውም ለዚህ ነው። ጀሶውን ከመቀባትዎ በፊት ቡናማ ቀለም ይቀላቅሉበት። ነገ ቢፈነከት ከሥሩ ነጭ አጥንት አይታይም።

መሬቱን ፍጹም ዝርግ አያድርጉት። እውነተኛ መሬት ውሃ የሚወርድበት አቅጣጫ አለው። መንገዱ መሐሉ ትንሽ ከፍ ይላል፤ የዛፍ ሥር አፈሩን ያነሣዋል፤ ሰው የሚበዛበት ይሰረጉዳል። አንድ ሚሊሜትር ልዩነት 9 ሳንቲሜትር ገደማ ስለሆነ ትንሽ ማጉበጥ ብዙ ይናገራል።

መንገዱ፦ የተቀየሰውና የተረገጠው

ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. (1902 እ.ኤ.አ.) ነው። መጀመሪያ በሐረር በኩል እንዲያልፍ ታስቦ ነበር፤ ተራራው ስላስቸገረ ከታች ባለው ሜዳ አለፈ። በሜዳው ላይ የበቀለችውም ከተማ በመጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተባለች። ከደቻቱ አሸዋማ ወንዝ ወዲህ ያለችው ከዚራ በባቡሩ መሐንዲሶች የተቀየሰች ስለሆነች ጎዳናዎቿ ቀጥ ያሉ፣ በዛፍ የታጀቡ ናቸው። የእኔ መናፈሻ የአንድ የታወቀ ቦታ ግልባጭ አይደለም። ከዚያ ሰፈር ጎዳናና ጥላ የተውጣጣ ነው።

መጀመሪያ የሠራሁት መንገድ እንደ መሐንዲሶቹ ጎዳና ቀጥ ያለ ነበር፤ በመናፈሻው ዳር ዳር ሄዶ በማዕዘኑ ይታጠፍ ነበር። ሥርዓት ያለው፣ ግን ሕይወት የሌለው ነገር ሆነ። ምክንያቱ የገባኝ ሒሳቡን ስሠራ ነው። ከአንዱ ማዕዘን ተነሥቶ በተቃራኒው ማዕዘን ወዳለው የጣቢያ በር የሚሄድ ሰው በዳር ዳሩ ቢዞር 87 ሜትር ይጓዛል። በሣሩ ላይ በሰያፍ ቢያቋርጥ ግን 63 ሜትር ገደማ ነው። ሻንጣ የተሸከመ፣ ባቡር ሊያመልጠው የደረሰ ሰው የትኛውን ይመርጣል?

ስለዚህ እውነተኛ መናፈሻ ሁለት ዓይነት መንገድ አለው፦ የተቀየሰና የተረገጠ። ሁለተኛውን የሚሠራው እግር ነው። ሰው በተመላለሰ ቁጥር አፈሩ ይጠቀጠቃል፤ በቅንጣቶቹ መካከል የነበረው የአየር ክፍተት ይዘጋል፤ ውሃ አይሰርግም፤ የሣሩ ሥር ትንፋሽ ያጣል። ሣሩ መጀመሪያ ያጥራል፣ ቀጥሎ ይሳሳል፣ በመጨረሻ ይጠፋል። በሞዴሉም ይህንኑ ቅደም ተከተል ይከተሉ። ከአቋራጩ መሐል የሚያልፈው ሰረዝ ከ6 እስከ 8 ሚሊሜትር ስፋት ያለው፣ ሣር የሌለው፣ ከአካባቢው አፈር ፈካ ያለ ይሁን። ከግራና ቀኙ አጭርና ስስ ሣር፣ ከዚያ ወዲያ ሙሉ ሣር። እኔ ይህን አቋራጭ ከጨመርኩ በኋላ ነው ባዶው መናፈሻ ሰው ያለበት መምሰል የጀመረው፤ ገና አንድም ሰው አላቆምኩበትም ነበር።

አፈሩ፣ ኮላውና የሳሙና ጠብታ

ለአፈር ከአፈር የተሻለ ነገር የለም። ከደጃፍ ያምጡና በአሮጌ ብረት ድስት ያምሱት፤ እርጥበቱ ይወጣል፣ በውስጡ ያሉ ነፍሳትም ይሞታሉ። ባቡር የሚሄድበት ሞዴል ከሆነ ማግኔት ያሳልፉበት። በአፈር ውስጥ ያለ የብረት ብናኝ ሞተር ውስጥ ሊገባ ይችላል።

ከዚያ መንፋት ነው። አንድ ሚሊሜትር የሆነች ጠጠር 8.7 ሳንቲሜትር ስለምትሆን፣ በእኛ መናፈሻ ውስጥ ጡጫ የሚያህል ድንጋይ ናት። በሻይ ማጥለያ የወረደው ለአትክልት መደብ ይሆናል። ለመንገድ ግን ከዚያ የላመ፣ በናይለን ስቶኪንግ የተነፋ ያስፈልጋል። የቡና አተላ በደንብ ከደረቀ ጥሩ ጥቁር አፈር ይሆናል፤ እርጥበት ከቀረበት ግን ይሻግታል። ተፈልቶ የደረቀ የሻይ ቅጠል በጣት ሲታሽ የረገፈ ቅጠል ይመስላል።

አሁን ኮላው። አንድ እጅ ነጭ ኮላ ከሦስት እጅ ውሃ ጋር ይቀላቅሉና፣ ከማፍሰስዎ በፊት ይህን ሙከራ ያድርጉ። በሳህን ላይ ዱቄት ይበትኑና አንድ የውሃ ጠብታ ይጣሉበት። ጠብታው ዱቄቱ ውስጥ ከመግባት ይልቅ ዱቄት ለብሶ እንደ ኳስ ይንከባለላል። የውሃ ቅንጣቶች እርስ በርስ አጥብቀው ስለሚሳሳቡ ገጹ እንደ ተወጠረ ሽፋን ይሆናል። ደረቅ አፈር ላይ የፈሰሰ ኮላም ይህንኑ ያደርጋል፤ አፈሩን ጠቅልሎ ጉድጓድ ይተዋል። አንድ ጠብታ የዕቃ ሳሙና ያንን ውጥረት ያላላዋል፤ ፈሳሹ በአፈሩ ውስጥ ጸጥ ብሎ ይሰርጋል። መጀመሪያ አፈሩን ሳሙና በነካው ውሃ ከላይ እንደ ካፊያ ይርጩት፣ ከዚያ ኮላውን በመርፌ አልባ ሲሪንጅ ጠብ ጠብ ያድርጉበት። ሲደርቅ ድንጋይ ይሆናል፤ ቀለሙ ግን የአፈር እንደሆነ ይቀራል።

ሣሩ ለምን ይቆማል?

ቀለም የተነከረ ሰጋቱራ ከርቀት ምንጣፍ ይመስላል። ሣር ግን የቆመ ነገር ነው። ሞዴል ሠሪዎች ይህን የፈቱት በልጅነታችን ሁላችንም ባየነው ነገር ነው፦ ፀጉር ያበጠረ የፕላስቲክ ማበጠሪያ ቁርጥራጭ ወረቀት ብድግ ያደርጋል።

ለዚህ የሚሸጠው መሣሪያ በሺዎች በሚቆጠር ቮልት፣ ግን እጅግ አነስተኛ በሆነ ጅረት ይሠራል። በላዩ ላይ ባለው ወንፊት ውስጥ ከናይለን የተቆረጡ አጫጭር ክሮች አሉ። ከመሣሪያው የሚወጣ ሽቦ ደግሞ እርጥብ ኮላ ውስጥ ከተሰካ ሚስማር ጋር ይገናኛል። ክሮቹ ሲሞሉ ተመሳሳይ ሙሌት ያላቸው ስለሆኑ እርስ በርስ ይገፋፋሉ፤ ወደ ኮላውም ይሳባሉ። የኤሌክትሪክ ኃይሉ ከወንፊቱ ወደ መሬቱ ቀጥ ብሎ ስለሚወርድ ክሮቹም በዚያው መሥመር ተሰልፈው እንደ ቀስት ይወርዳሉ፤ ኮላው ላይ ተተክለው ይቆማሉ። መሣሪያው ከሌለዎት አፉ በወንፊት የተሸፈነ ለስላሳ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይጠቀሙ። ክሩን ጨምረው በደንብ ሲንጡት ፍትጊያው ራሱ ይሞላዋል፤ ጠርሙሱን ሲጨምቁት ይወጣል። ጥንካሬው ያንሳል፤ ለትንሽ ቦታ ግን ይበቃል። ከፍተኛ ቮልት ያለውን መሣሪያ በቤት ውስጥ ለመሥራት አይሞክሩ።

የክሩ ርዝመት ዋና ጉዳይ ነው። 2 ሚሊሜትር ክር 17 ሳንቲሜትር ሣር ነው፤ ለመናፈሻ ከዚህ አይለፍ። 4 ሚሊሜትሩ 35 ሳንቲሜትር ስለሚሆን እግርም ማጭድም በማይደርስበት ብቻ ይግባ፦ በግንቡ ሥር፣ በምሰሶው ዙሪያ፣ በገንዳው ጀርባ። ቀለሙን በተመለከተ የድሬዳዋን ፀሐይ ያስቡ። ነጭ ጤፍ የመሰለ ገለባማ፣ ወይራማ አረንጓዴና ደረቅ ቢጫ ይቀላቅሉ። ደማቁን አረንጓዴ ከገንዳው ጠርዝ ውሃ የሚያገኘው ሣር ላይ ብቻ ይተዉት፤ ያን ጊዜ አረንጓዴው ስለ ውሃው ይናገራል።

ዛፉና የሌዎናርዶ ሒሳብ

የመናፈሻው ነፍስ ዛፉ ነው፤ እኔም ከሁሉ አብልጬ የምወደው ይህን ክፍል ነው። ብሩህ ቀይ አበባ የሚያብበውን፣ አናቱ ከቁመቱ የሚሰፋውን ዛፍ እኛ የድሬዳዋ ዛፍ እንለዋለን። የትውልድ አገሩ ማዳጋስካር ነው፤ ስሙን ግን ከእኛ ከተማ ወስዷል።

ከአሮጌ የኤሌክትሪክ ገመድ ውስጥ 18 ሳንቲሜትር ርዝመት ያላቸው 40 ቀጫጭን የመዳብ ሽቦዎች ያውጡ። ከታች 2 ሳንቲሜትር ለሥር ይተዉና 3 ሳንቲሜትር ያህል አንድ ላይ ይጠምዝዟቸው፤ ግንዱ ይህ ነው። ከዚያ 22ና 18 አድርገው ይክፈሏቸው፤ እያንዳንዱን ትንሽ ጠምዝዘው እንደገና ይክፈሉ። 22ቱ 12ና 10፣ 12ቱ 7ና 5 እያለ እስከ ነጠላ ሽቦ ይወርዳል።

ይህ ዘዴ ለምን ከሌላው ሁሉ እውነተኛ ዛፍ እንደሚያስገኝ የሚያስረዳው ሌዎናርዶ ዳ ቪንቺ ከ500 ዓመት በፊት ያስተዋለው ነገር ነው። እሱ እንዳየው፣ በየትኛውም ከፍታ ላይ ያሉት ቅርንጫፎች አንድ ላይ ቢታሰሩ የግንዱን ውፍረት ያክላሉ። በሁሉም ዛፍ ላይ በትክክል ባይገጥምም ዓይናችን የለመደው ሚዛን ይህ ነው። የእኛ ሽቦ ደግሞ ሳናስበው ሕጉን ይጠብቃል። 40 ሆኖ የተነሣ 40 ሆኖ ይደርሳል፤ ሲከፈል እንጂ ሲጠፋ ወይም ሲጨመር የለም። ወፍራም ግንድ ላይ በድንገት ክር የመሰለ ቅርንጫፍ የተሰካበት ዛፍ መጫወቻ የሚመስለው ይህ ሒሳብ ስለተጣሰ ነው።

የድሬዳዋ ዛፍ ቅርንጫፎች ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ጎን ይዘረጋሉ። አናቱን ጠፍጠፍ አድርገው፣ ስፋቱን 13 ሳንቲሜትር ያህል ያድርጉት። ሽቦውን በኮላና በጀሶ ቅልቅል ይቀቡ፤ ሲደርቅ ቅርፊት ይሆናል። ግንድን ቡናማ መቀባት ልማድ ነው፤ ወጥተው ቢያዩ ግን አብዛኛው ግንድ ግራጫ ነው። ለቅጠሉ የትራስ ሠራሽ ጥጥ እስኪሳሳ ድረስ ጎትተው በቅርንጫፎቹ ላይ ያልብሱ። የኩሽና ስፖንጅ በቀለም ነክረው፣ አድርቀው፣ ለምግብ በማያገለግል መፍጫ ይፍጩና ይበትኑበት፤ በፀጉር ስፕሬይ ይያዛል።

ለአበባው በመጀመሪያ በርበሬ ሞክሬ ነበር። ቀለሙ ለጊዜው ደስ ይላል፤ ነገር ግን በብርሃን ይደበዝዛል፣ ነፍሳትም ይጠራል። ቀይ ቀለም የተነከረ የላመ ሰጋቱራ ይሻላል። ከአናቱ ላይ ብቻ ይነስንሱት፤ ከሥሩ ደግሞ በመሬቱ ላይ በክብ ጥቂት ይበትኑ። የረገፈው አበባ ዛፉን ከመሬቱ ጋር ያስተሳስረዋል። ይህ ዛፍ እስከ 60 ሳንቲሜትር የሚደርስ ረጅም ጠፍጣፋ ፍሬም አለው፤ 7 ሚሊሜትር ቡናማ ወረቀት ጥቂት ቦታ ላይ ሲንጠለጠል ድሬዳዋን የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይለየዋል። ከዛፉ ሥር ሣር አይትከሉ። ጥላው ብርሃኑን፣ ሥሩ ውሃውን ይወስዳል፤ የተረፈውን የተቀመጠ ሰው ይረግጠዋል።

ውሃ ለምን አያንስም?

ገንዳው ውስጥ እውነተኛ ውሃ ለምን አንጨምርም? ውሃ አብሮን ስለማያንስ ነው። 3 ሚሊሜትር የሆነች ጠብታ በሞዴሉ ዓለም 26 ሳንቲሜትር የሆነች ኳስ ናት። በገንዳው ጠርዝ 2 ሚሊሜትር ሽቅብ የሚወጣው ውሃ 17 ሳንቲሜትር ግድግዳ የወጣ ይመስላል። ያ የሳሙና ጠብታ ያላላው ውጥረት እዚህ ያጋልጠናል።

ስለዚህ ውሃን የሚመስለው ሌላ ነገር ነው። ጥልቀቱ የሚሠራው በቀለም ነው፦ የገንዳውን ወለል መሐሉን ጥቁር አረንጓዴ፣ ወደ ጠርዙ እየፈካ የሚሄድ አድርገው ይቀቡ። በላዩ ላይ የሚያብረቀርቅ ቨርኒሽ ስስ ስስ አድርገው፣ አንዱ ሳይደርቅ ሌላውን ሳይደርቡ፣ ስድስት ሰባት ጊዜ ይቀቡ። ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚጠነክረው ኢፖክሲ ካገኙ ይበልጥ ይጠራል። እሱ ሲጠነክር ስለሚሞቅ በአንድ ጊዜ ከ2 ወይም ከ3 ሚሊሜትር በላይ አያፍስሱ፤ ወፍራሙ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ሰዎቹ

ፕራይዘርን የመሰሉ የጀርመን ፋብሪካዎች በዚህ ልኬት ሰዎችን ይሠራሉ፤ ልብሳቸውና መልካቸው ግን የአውሮፓ ነው። እንደገና መቀባት የግድ ነው። ነጠላ ለማልበስ ሶፍቱን ይግለጡና ከንብርብሩ አንዱን ስስ ብቻ ወስደው፣ በቀጠነ ኮላ አርሰው፣ በትከሻዋ ላይ በመርፌ ጫፍ እያጠፉ ያስተካክሉት። ለድሪያ ቀሚስ ደግሞ ሶፍቱን ደማቅ ቀለም ነክረው ሰፋ አድርገው ያውርዱት።

የሚሮጥ ሰው አይምረጡ። እግሩን አንሥቶ ለዘላለም የሚቀር ሯጭ፣ ትዕይንቱ ቆሞ እንደቀረ ያስታውሳል። የተቀመጠ፣ የቆመ፣ የተደገፈ፣ ሰው የሚጠብቅ፣ የሚያወራ ይምረጡ፤ እነዚህ በእውነቱም ዝም ብለው ይቆያሉ። በእኩል ርቀት አይደርድሯቸው። ሰው ጥላ ሥር ይሰበሰባል፣ ፀሐዩን ባዶ ይተዋል። ከቆሙት አንዳንዶቹ ጀርባቸውን ይስጡን። ሊስትሮው ሰው በሚያልፍበት በአቋራጩ አፍ ላይ ይቀመጥ። ባጃጁ በበሩ ፊት ይቁም። እያንዳንዱን ሲያስቀምጡ «ለምን እዚህ?» ብለው ይጠይቁ፤ መልስ ከሌለው ቦታ ይለውጡለት።

አንዲት ፀሐይ

በመጨረሻ የነጭና የቡናማ ጠመኔ ብናኝ በምላጭ ፍቀው በለስላሳ ብሩሽ በአግዳሚዎቹ፣ በምሰሶዎቹ እግርና በቅጠሉ ላይ ይንኩ። አቧራ ሁሉንም በአንድ አየር ውስጥ ያስገባል፤ ለየብቻ የተሠሩት ዕቃዎች ያን ጊዜ የአንድ ከተማ ይሆናሉ።

መብራቱ አንድ ይሁን። ሁለት አምፖል ሁለት ጥላ ይጥላል፤ ሁለት ጥላ ደግሞ ሁለት ፀሐይ ነው። ፀሐይ እጅግ ሩቅ ስለሆነች የዛፎች ጥላ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ይወድቃል። አምፖሉ ቅርብ ከሆነ ግን ጥላዎቹ እንደ ማራገቢያ ይበታተናሉ። ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል አርቀው፣ ከፍ አድርገው ያብሩት።

ፎቶ ሲያነሱ ስልኩን ከላይ አይያዙ። የትንሿ ሰው ዓይን ከመሬቱ 2 ሳንቲሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ስልኩን ገልብጠው ሌንሱ ወደ ጣውላው እንዲቀርብ ያድርጉ። በጣም ከተጠጉ ግን ፊቱና ኋላው ይደበዝዛል፤ ዓይናችንም ያንን ድብዛዜ የቅርብና የትንሽ ነገር ምልክት አድርጎ ያነበዋል። ትንሽ ራቅ ብለው አንሥተው፣ ኋላ ዳር ዳሩን መቁረጥ ይሻላል።

ያንን አግዳሚ እናቴ ባየችው ማግስት ነቀልኩት። 3 ሳንቲሜትር ወደ ዛፉ አስጠጋሁት፤ በሰዎቹ ዓለም 2 ሜትር ከ60 ገደማ ነው። የነቀልኩበትን ጉድጓድ በአፈር ደፈንኩ። በአዲሱ ቦታ ከአግዳሚው ፊት፣ እግር በሚያርፍበት፣ ሣሩን ፋቅሁ፤ ጥቂት ቀይ አበባም መቀመጫው ላይ ጣል አደረግሁ። መብራቱን ሳበራ የዛፉ ጥላ ወንበሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሸፈነው።

እናቴ ስትመጣ ምንም አልነገርኳትም። መነጽሯን አድርጋ ጎንበስ አለች። በዚህኛው ጊዜ ስለ ዛፉም ስለ ውሃውም አላወራችም። ከልጅነቴ ጀምሮ አውርታኝ የማታውቀውን ነገር ጀመረች፦ አባቷ ከጅቡቲ የሚመጣ ዕቃ ለመቀበል ጣቢያ ሲወርድ እሷን ይዟት እንደሚሄድ፣ ፀሐዩ እስኪበርድ በጥላው እንደሚያቆያት፣ የረገፈውን አበባ በቀሚሷ እንደምትለቅም።

«ባቡሩ ሲዘገይ እዚህ ነበር የምንቀመጠው» አለችኝ፣ ጣቷ ከአግዳሚው ላይ ሳይነሣ።